ሐበሻ የሆነው ቴርሞስታት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ፉንዲ ሙቱኩ መዳፌ ላይ ያስቀመጠልኝ ዕቃ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከአሮጌ ፍሪጅ የተፈታ ቴርሞስታት ነው። ከፊቱ የሚዞር ቁልፍ አለው፤ ከጀርባው ቀጭን የመዳብ ቱቦ እንደ ጅራት ተጠቅልሎ ወጥቷል። ፉንዲ ማለት እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ሙቱኩ የማቀዝቀዣ ፉንዲ ነበር። እኔ ደግሞ ከዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ወጥቼ ሥራ ፍለጋ በሩ ላይ የቆምኩ ወጣት ነበርኩ።

«አስቴር፣ የማሽኑ ጭንቅላት ይሄ ነው» አለኝ በስዋሂሊ። «ሲሞቅ ኮምፕረሰሩን ያስነሳል፣ ሲበርድ ያስተኛል። በቃ።» ቱቦውን በእጄ እንድጨብጠው አደረገኝ። ከመዳፌ ሙቀት የተነሳ ውስጡ «ቀጭ» ሲል ደነገጥኩና ጣልኩት። ሙቱኩ እስኪያስለው ሳቀ። የመጀመሪያ ቀኔ እንዲህ አለፈ።

ሴት ፉንዲ መሆን መጀመሪያ ላይ መሳቂያ አድርጎኝ ነበር። በር ከፍተውልኝ ከኋላዬ ወንድ ይፈልጋሉ። «ፉንዲው የታለ?» ይሉኛል። «ፉንዲዋ እኔ ነኝ» ስላቸው ቴስተሬንና ካቻቪቴዬን አይተው እንኳ አያምኑም። ኋላ ግን እንጀራዬ የሆነው እሱው ነው። ብዙ ቤት ባል በሌለበት ወንድ ጓዳ አይገባም፤ ፍሪጅ ደግሞ ሲበላሽ ባል እስኪመጣ አይጠብቅም። ሙቱኩ ጡረታዬ ደረሰ ብሎ ወደ አገሩ ማቻኮስ ሲመለስ ሱቁን ከነጋዝ ሲሊንደሩ፣ ከነጋዝ መለኪያ ጌጁ ለእኔ ተወልኝ።

ብዙ ፍሪጅ ጠግኛለሁ፣ ብዙ ኤሲ ሰቅያለሁ። እንደ ሐጂ ሙክታር ቤት ቴርሞስታት ግን ግራ ያጋባኝ ነገር የለም።

ሐጂ ሙክታር የከብት ነጋዴ ናቸው፣ ወሎዬ፣ እንደኔው በዋልዳ ያለፉ። ሱቄ የመጡት የናይሮቢ አስፋልት ተሠርቶ ባለቀበት ሰሞን ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የነርቭ ሕመም ነበረባቸው። ክፍሉ ቀዝቀዝ ሲል ምርኩዝ ይዘው ግቢ ይወጣሉ፤ ከቡቲዬ መንደር ወተት ከምታመጣላቸው የቦረና ሴት ጋር ሲሳሳቁ ይውላሉ። ሲሞቅ ግን እግራቸው ይከዳቸዋል፣ ዓይናቸውም ይደበዝዛል። ሞያሌ እንደ ዋጂር አያቃጥልም፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ለተኛ በሽተኛ ግን እኩለ ቀኑ ምድጃ ነው።

«አስቴርዬ፣ ሐኪሙ ሙቀት ጠላቷ ነው ብሏል» አሉኝ። «ኤሲው አለ። ግን ዓይኗ ሲደበዝዝ ሪሞቱን አታየውም፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ገበያ፣ አንድ ቀን ኡራን ከብቱ ጋ ነኝ። በስልክ የሚታዘዝ አለ አሉኝ። እሱን አስገቢልኝ። ይሄም ካልሆነ ናይሮቢ ልጃችን ዘንድ እልካታለሁ።»

እትዬ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ያሉትን አልረሳውም። «አንዴ አገር ለቅቄያለሁ፣ አስቴር። ድንኳን ውስጥ ኖሬያለሁ። ይህችን ግቢ በእጄ ነው ያቀናኋት። ልጄን እወዳታለሁ፤ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የመኪና ጡሩምባ ስሰማ ልሞት ግን አልፈልግም። ከዚህ የሚወጣው ጀናዛዬ ነው።» ይህን ሰምቼ ሥራውን እንዴት አልቀበል?

ናይሮቢ ያለ ሻጭ የሦስት ቴርሞስታት ፎቶ ላከልን። ሐጂና እኔ ስልኩ ላይ አቀርቅረን መረጥን። አንደኛው በጣም ያምራል፤ ነገር ግን ሰው ሲንቀሳቀስ እያየ ነው የሚሠራው። እትዬ ዘይነባ ደግሞ በሙቀት ሰዓት ንቅንቅ አይሉም። ቤት ውስጥ ሰው የለም ብሎ ሊያጠፋባቸው ነው! ሁለተኛው እዚህ የሌለ ተጨማሪ ሽቦ ይጠይቃል። ሦስተኛውን ሻጩ አሞገሰው፤ «ስማርት ነው፣ የቤቱን ጠባይ እያየ ራሱ ይማራል» አለ።

«በስንት ጊዜ ይማራል?» አሉ ሐጂ።

«በሳምንት።»

«አጀብ! የእኛ ልጆች ሁለት ዓመት መድረሳ ውለው ፋቲሓን ይሳሳታሉ» አሉና ገዙት።

ቦታው ላይ ተጠነቀቅኩ። ፀሐይ የማያገኘው፣ የኤሲው ንፋስ በቀጥታ የማይመታው ግድግዳ መረጥኩ፤ ከበሩ አጠገብ፣ በቆመ ሰው ደረት ልክ። መጽሐፉ የሚለው እንዲያ ነው። ስቲማው፣ ማለት መብራቱ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ነው የሚመጣልን፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ኤሲው ቀንና ሌሊት ከተነዳ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት ብቻ ይሥራ ተባባልን። ሐጂ «ከጠዋቱ አራት እስከ አሥር» አሉኝ፤ እኔም ከአራት እስከ አሥር ብዬ ሞላሁ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በቁጥሩ 10 እና 16 ነው የጻፍኩት። በዚህ ከተማ አፋችን አራት ሲል እጃችን አሥር ይጽፋል፤ ስዋሂሊውም እንደ እኛው ነው የሚቆጥረው። ለምዶብን አናስበውም እንኳ።

ለሐጂ ስልካቸው ላይ አፕሊኬሽኑን ጫንኩላቸው። ቁጥሩን በአውራ ጣት እየገፉ መቀየርን አሳየኋቸው። ደስ አላቸው። መርቀው ሸኙኝ።

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ አስጠሩኝ። ጋቢ ተከናንበው፣ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆት አገኘኋቸው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነዋል።

«ሊነጋጋ ሲል በብርድ አንቀጠቀጠኝ፤ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ጸጥ አለ። ምንድን ነው ያመጣሽብኝ?»

ግድግዳው ላይ ሄጄ አየሁ። 4 እስከ 10 ይላል። ማለት በእኛ ሰዓት ሌሊት አሥር ላይ ተነስቶ ጠዋት አራት ላይ ይተኛል። ጉድ! እኔ 10 እና 16 እንደጻፍኩ እምላለሁ። መልሼ አስተካከልኩት። ያን ቀን ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ እትዬ ዘይነባም ግቢ ወጡ። በማግስቱ ተመልሶ 4 እስከ 10።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስቲማውን ነው። ሲጠፋና ሲመጣ የሞላሁትን ይረሳ ይሆን ብዬ ማረጋጊያ ገጠምኩለት። ለውጥ የለም። ሽቦውን በቴስተር ለካሁ፤ ጤነኛ ነው። ፈትቼ ብሎኑን እንደገና አጠበቅኩ። እኔ የመጣሁ ዕለት እንደ ሙሽራ ይታዘዛል፤ ባደረ ቁጥር ያምፃል። መካኒክ ሲያይ የሚድን መኪና አይቻለሁ፤ ይሄ ግን ባሰ።

ሐጂን ጠየቅኳቸው። «ሐጂ፣ ይሄን ሰዓት የሚያበላሸው ማነው?»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ!» አሉ ተቆጥተው። «በየማታው እያስተካከልኩት በማግስቱ ያበላሸዋል።»

«እኔም በመጣሁ ቁጥር እያስተካከልኩት ነው።»

«በርቺ፣ አንቺም አስተካክዪ፣ እኔም አስተካክላለሁ። ይማራል ብሏል አይደል ሰውዬው? አንድ ቀን ይገባዋል።»

እኔም በርትቼ ማስተካከሌን ቀጠልኩ።

አንድ ጠዋት ግን ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት መሆኑ ብልጭ አለልኝ። ስድስት ሰዓት! የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት ልዩነት! እንግዲህ ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ስልካችን አንዳንዴ የወዲያኛውን አገር ኔትዎርክ ይይዛል። በቃ፣ ማሽኑ ማታ ማታ የኢትዮጵያን ኔትዎርክ እየያዘ ወደ ሐበሻ ሰዓት ይቀየራል ማለት ነው። ለሁሉም ነገርኩ፤ ሁሉም አመነኝ። ሰፈሩ «ሐበሻ የሆነው ቴርሞስታት» እያለ ሊያየው መጣ። የቡቲዬዋ ሴት ሳትቀር ወተቷን አስቀምጣ ግድግዳውን ቃኝታ ሄደች።

ናይሮቢ ለሻጩ ደወልኩና «የእናንተ ዕቃ ድንበር ተሻግሮ ሰዓት ይቀይራል» አልኩት።

«ፖሌ፣ ማማ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። «የሁለቱም አገር ሰዓት አንድ ነው። ማሽን ሐበሻ አይሆንም።»

«እንግዲያው ማነው የሚቀይረው?»

«ምናልባት ተምሮ ይሆናል።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ነገሩ አስቂኝ ይመስላል፤ እትዬ ዘይነባን ላየ ግን አያስቅም። ሌሊት በብርድ ሳይተኙ ያድራሉ፣ እኔ ያልመጣሁ ቀን በሙቀት ይወድቃሉ። አንድ ቀን ከአልጋ ወደ በር ሲሄዱ ወድቀው ክንዳቸው ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ሐጂ ክርክር አልሰሙም። የናይሮቢ አውቶቡስ ትኬት ቆረጡ። እኔንም ማሽኑን ነቅለሽ ውሰጂ አሉኝ። ካቻቪቴዬን ይዤ ስገባ ሻንጣው በር ላይ ተቀምጧል።

እትዬ ዘይነባ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ለብሰው ተቀምጠዋል። እኔን ለማጽናናት ይሁን ራሳቸውን እንጃ፣ መቀለድ ጀመሩ። «ይሄ ማሽን በሐጂ ላይ ቂም አለው። እሳቸው ኡራን በከረሙበት ሰሞን እኮ አንድ ቀን አላመፀም፤ ያሳደግኩት ልጅ ነው የመሰለው። እግራቸው ሲመለስ ወደ ጠባዩ ተመለሰ። ቀንቶባቸው ነው።»

«ምን አሉኝ? ሐጂ ኡራን ሳሉ አላመፀም?»

«ወላሂ አላመፀም።»

ኡራን፣ ሐጂ ከከብቱ ጋር የሚያድሩበት ቦታ፣ ኔትዎርክ የለም። ይሄ ከማሽኑ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ሊገባኝ አልቻለም። ከመንቀሌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትነው ብዬ 10 እና 16 ሞላሁ። ሐጂ ከኋላዬ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ቁጥሩ መቀየሩን ልትነግር ስልካቸው ጮኸች። መነጽራቸውን ሰክተው አዩና ጭናቸውን መቱ።

«ይሄው! ዓይኔ እያየ አበላሸው! አሥር እስከ አሥራ ስድስት! ኧረ አሥራ ስድስት ሰዓት የሚባል ሰዓት በየት አገር አለ?» አውራ ጣታቸው ስልኩ ላይ ሄደ። እኔ ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ቁጥሩ ሲሸራተት አየሁ። 4። 10።

ካቻቪቴው ከእጄ ወደቀ።

«ሐጂ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያስተካከልኩት ነዋ!»

«እኔ ነኝ እኮ አሁን ያስተካከልኩት!»

«አንቺ? ከአራት እስከ አሥር ተባብለን አልነበር እንዴ?»

«አራት ማለት በማሽኑ አሥር ነው፣ ሐጂ! አሥር ማለት አሥራ ስድስት!»

ሐጂ ስልኩን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔ ደግሞ እፍረቱ ከእግሬ እስከ ራሴ ወጣብኝ። ለአገር ምድሩ «ማሽኑ ሐበሻ ሆነ» ብዬ ሳወራ፣ ሐበሾቹ እኛው ሁለታችን ነበርን። ራሱ ይማራል ስለተባልን ማሽኑን እንጂ ሰውን አልጠረጠርንም። ሰው ነክቶት እንደሆነም ተጠያይቀናል፤ ግን ሁለታችንም «አስተካከልኩት» ነበር የምንለው። ማስተካከልን ማን ይጠረጥራል?

እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው መጣ።

«ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሣሩ ነው ሲባል ነበር የማውቀው» አሉ። «እናንተ ሳትጣሉ ነው የፈጃችሁኝ።»

«ዘይኑ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው…» አሉ ሐጂ።

«አውቃለሁ። እሷም ለእኔ ብላ ነው። ማሽኑም ለእኔ ተብሎ ነው ከናይሮቢ የመጣው። ግን ሐጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ዘይነባ፣ መቼ ነው የሚሞቅሽ?› ብላችሁ ጠይቃችሁኛል? እኔ እዚህ ተኝቼ እናንተ ስለ እኔ ሙቀት በስልክ ትነጋገራላችሁ።»

ከመንገድ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ሐጂ ብድግ ብለው ሻንጣውን አነሱ። ተሸክመውት ወደ ጓዳ ገቡና ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሱ።

እኔም የሰዓት ሙሌቱን በሙሉ አጠፋሁት። አፕሊኬሽኑን ከሐጂ ስልክ ላይ አነሳሁ። ቴርሞስታቱን ከበሩ አጠገብ ነቅዬ፣ ሽቦውን አርዝሜ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ እትዬ ዘይነባ ተኝተው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። መጽሐፉ አይፈቅደውም። ዓይናቸው ቢደበዝዝ እንኳ በጣታቸው የሚያገኙት አንድ ቁልፍ አለው፤ ሲሞቃቸው ይጫኑታል፣ ሲበርዳቸው ይጫኑታል። ኮምፕረሰሩም አልተቃጠለም፤ እትዬ ዘይነባ እኛ ከሞላነው ባነሰ ሰዓት ነበር ብርዱን የፈለጉት።

ናይሮቢ አልሄዱም። ልጃቸው ናት እየመጣች የምትጠይቃቸው።

አሁን ሱቁን ለሚረከቡኝ ፉንዲዎች የምለው ይሄ ነው። ቴርሞስታት ከመስቀላችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ የሚውለውን ሰው ጠይቁ። ስልኩን የያዘውን ሰው ኋላ ትጠይቁታላችሁ።