አዱኛ የሰጠችን ስንቅ

ባለፈው ክረምት ልጄንና ጓደኞቹን ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ከበው አገኘኋቸው። ፊታቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባት ብዙ ጎን ያላት ጠጠር፣ እርሳስና የተጨማደደ ወረቀት ተዘርግቷል። ምን እንደሚጫወቱ ብጠይቅ ልጄ ለሽማግሌ በሚያስረዳበት በዚያ ትዕግሥቱ ይነግረኝ ጀመር። መጀመሪያ ሌላ ሰው ትሆናለህ አለኝ፤ ከየት እንደመጣህ፣ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ትመርጣለህ፤ ወታደር፣ መነኩሴ፣ ከፈለግህም ሌባ። ከዚያ ገና ጉዞ ስትጀምር አንድ ልዩ ችሎታ ይሰጥሃል። ጨዋታው ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር መሆኑንም ጨመረልኝ። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህ ነው! ጓዳ ገባሁና ብቻዬን ቆምኩ። አዱኛ ናፈቀችኝ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ቡሬ ነበር፤ ዘመኑም የደርግ። አባቴ ገበያው ዳር አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋል። አዱኛ የእናቴ ወንድም ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ልትማር ከሽንዲ መጥታ እኛ ዘንድ ተቀመጠች። እኔ አሥር ዓመት ቢሞላኝ ነው፣ እሷ ግን ኮረዳ ነበረች። አጎቴ ለገበያ ሲመጣ ስንቋን በስልቻ ያመጣላታል፤ በሶ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም ዳቦ ቆሎ። ስልቻው ሲፈታ የተቆላ ገብስ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ከበሶዋ ላይ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለይትባረክ ሳታቀምስ ቀርታ አታውቅም። «የተማሪ ስንቅ ለብቻ ከተበላ አያጠግብም» ትል ነበር።

የእኛን ጨዋታ የወለደው እንቆቅልሽ ነው። ያኔ ይህን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። መልሱ የጠፋበት «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይ ሐረርን ይሰጣል፤ ያሸነፈው እዚያ ሀገር ገብቼ እንዲህ ሆንኩ፣ እንዲህ በላሁ እያለ ተሸናፊውን በስድብ አጥግቦት ያልፋል። አዱኛን ግን ይህ አላረካትም። አንድ ቀን «ሀገሩስ ተሰጠ፤ ታዲያ የሚሄድበት ማን ነው? ሰው እንዲያው ባዶውን ሀገር ይገባል ወይ?» አለችን። ከዚያ ወዲህ ሀገር የተቀበለ ሁሉ መጓዝ ግዴታው ሆነ። ሳይነሳ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ መነሻህ ምንድር ነው? ስንቅህስ?

መነሻውን እኛ እንመርጣለን፤ ስንቁን የምትሰጠው አዱኛ ናት። ስንቅ የምትለው የሚበላውን ሳይሆን ያ መንገደኛ ከሌላው ተለይቶ የሚችላትን አንዲት ነገር ነው። ሁለት እንዲሆንልን ብንለምናት «ሁሉ የሞላለት መንገደኛ ወሬ የለውም» ብላ አፋችንን ታስይዘናለች። እኔ ሲራራ ነጋዴ ሆንኩ፤ ስንቄም ሰው ሲዋሸኝ ጆሮዬን እንዲበላኝ ነበር። ሙሉ የምትባለው የጎረቤታችን የአገዎቹ ልጅ ቆሎ ተማሪ ልሁን አለች። «ሴት ቆሎ ተማሪ የት ታይታ?» ብዬ ብስቅ አዱኛ ገላመጠችኝና ለሙሉ፣ ውሻ የማይነክሳት እንድትሆን ሰጠቻት። ቆሎ ተማሪን ውሻ እንዴት እንደሚያሯሩጠው ላየ ሰው ከዚህ የበለጠ ስንቅ የለም። ገና ስድስት ዓመቱ የነበረው ይትባረክ የተሸሸገ የደጃዝማች ልጅ ካልሆንኩ ብሎ አለቀሰ፤ ሆነ። ስንቁ የአባቱ ጠመንጃዎች የተቀበሩበትን ማወቅ ነበር።

ከትምህርት ቤት መልስ ግቢው ውስጥ ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ እንቀመጣለን። ቡሬ የበርበሬ አገር ነውና ጉዟችን ሁሉ በማስነጠስ የታጀበ ነበር። ዕድላችንን የሚወስኑት በአንድ ጎናቸው በከሰል የጠቆሩ ሦስት የበቆሎ ፍሬዎች ናቸው። አዱኛ ትተርካለች፤ ወንዝ ሞልቷል፣ ሽፍታ አድፍጧል፣ አሁን ምን ታደርጋለህ ትላለች። ያሰብነውን ተናግረን ፍሬውን እንጥላለን፤ ጥቁሩ ከበዛ ወዮልን። የቱንም ያህል የማይረባ ነገር ብናገር ጉንጯን በእጇ ደግፋ እስክጨርስ ትሰማኝ ነበር። እንደሷ አድርጎ የሰማኝ ሰው ከዚያ ወዲያ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ጠዋት ስብሰባ መኖሩን ሊናገር አንድ የቀበሌ ሰው ወደ ቤታችን መጣ። በር ላይ ይትባረክ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሰውየው ለጨዋታ ያህል «አንተ ጎረምሳ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለው። ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ «የደጃዝማች ልጅ ነኝ። ጠመንጃው የተቀበረበትን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ» አለ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ የት እንደተቀበረ ቢጠይቀው «ለጠላት አይነገርም!» ብሎት እርፍ።

መሳፍንትና የተደበቀ መሣሪያ በሚታደንበት በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ይህች ቃል ምን እንደምታመጣ አይጠፋውም። ከሰዓት በኋላ አብዮት ጥበቃዎች አባቴን ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው ወሰዱት፤ የጀመረው ሱሪ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንዱ ሳይሰፋ ቀረ። ጓሯችንን ቆፈሩት፤ ጌሾውም ጎመኑም ተነቀለ። ያገኙት የዛገ ማረሻና እናቴ ተሰረቀብኝ ብላ ጎረቤት የተጣላችበትን ዘነዘና ብቻ ነው። ምንም አለመገኘቱ ደግሞ ይባስ አስጠረጠረ። በማግሥቱ አባቴ ወደ ፍኖተ ሰላም ሊላክ መሆኑን ሰማን። ፍኖተ ሰላም ዘመድ ያለን፣ ደርሰን የምንመለስበት ከተማ ነው፤ እንዲያ ታስሮ የሚሄድ ሰው መቼ እንደሚመለስ ግን የሚነግረን አልነበረም። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ይትባረክን ጭኗ ውስጥ ወሸቀችው፤ አልመታችውም፤ አልተናገረችውም።

አዱኛ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። እኛን ሦስታችንን አስከትላ ቀበሌ ሄደችና ከሊቀመንበሩ ፊት ቆማ ነገሩ የልጆች ጨዋታ መሆኑን ተናገረች። ሊቀመንበሩ ካኪ የለበሱ፣ እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ ቀጭን ሰው ነበሩ። «ጨዋታ ከሆነ እዚሁ ተጫወቱትና ልየው» አሉ። አባቴን አስመጥተው ጥግ ላይ አቆሙት።

ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥን። እኔ አባቴን አባቴን አያለሁ። አዱኛ ግን ልክ በርበሬው አጠገብ ያለች ያህል ሆና መነሻችንን ጠየቀችን፤ የበቆሎውን ፍሬ ከመቀነቷ ፈታ አወጣች። ሙሉ፣ ውሻ የሞላበት ግቢ ገብታ ቁራሽ ለምና ስትወጣ አንዱ ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ተራው ሲደርስ ይትባረክ ዙሪያውን ቃኝቶ «እነዚህ እያሉ አልናገርም» ቢል ሌሎቹም ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው «ለመሆኑ እኔ ብጫወትስ ምን ትሰጭኛለሽ?» አሏት።

«መነሻውን እርስዎ ይምረጡ እንጅ ጌታየ፤ እኔ የምሰጠው ስንቁን ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እሽ፣ ዳኛ ነኝ እንበል» አሉ።

አዱኛ ከተቀመጠችበት ተነስታ እጅ ነሳች። «እንግዲያስ ስንቅዎ፣ ደጅ የጠናዎትን ሰው ባዶ እጁን አለመስደድ ይሁንልዎ» አለች።

ሊቀመንበሩ እሷን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ የጓሯችን አፈር ገና ያልረገፈለትን የጠባቂዎቹን ጫማ አዩ። ከዚያ ራሳቸውን እየነቀነቁ «በይ ሰውየውንም ልጆቹንም ይዘሽ ሂጅ» አሉ። ከደጃፉ ሳንወጣ ግን መልሰው ጠሩን። «ይች ልጅ አንደበቷ የተባረከ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ኪነት ቡድናችን ውስጥ ትግባ» አሉ።

አባቴ ቤት ሲገባ እልል ያለችው እናቴ ይህን ስትሰማ እልልታዋን ዋጠችው። ኪነት የገቡ ልጃገረዶች ከከተማ ከተማ ሲወሰዱ አይታለች። «ዓይን ገባች እኮ! አደራዬን በላሁ!» እያለች ወደ ሽንዲ ሰው ላከች። አጎቴ ሰኞ ሳይደርስ በቅሎውን እየነዳ መጣ። አባቴ ስለ ትምህርቷ ሊለምነው ቢሞክር «እሱ ይቅርብኝ፤ ልጄ ትትረፍልኝ» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። አዱኛ አላለቀሰችም። ደብተሮቿን ባዶው ስልቻ ውስጥ ከተተቻቸው፤ የእኔንና የይትባረክን ራስ ሳመችና ሄደች። ዓመት ሳይሞላ መዳሯን ሰማን።

አባቴ የዚያን ሱሪ ሁለተኛ እግር ሰፍቶ ጨረሰ፤ ጎመኑም እንደገና ተተከለ። እኛ ግን ጨዋታውን ያለ እሷ ሞከርነው። እኔ ተራኪ ሆኜ ወንዝ አስሞላሁ፣ ሽፍታ አመጣሁ። ሙሉ ጥቂት ሰማችኝና «እንዲህ አይደለም» ብላ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች። እውነቷን ነበር። ይትባረክም ከዚያ ወዲህ የማን ልጅ ነህ ሲባል የአባታችንን ስም ከነአያቱ ቆጥሮ የሚናገር ልጅ ሆነ።

ልጄን ከነጨዋታው ካገኘሁት ክረምት ወዲህ፣ ጥቅምት ላይ አጎቴ በእርጅና አርፎ ሽንዲ ለቅሶ ሄድኩ። አዱኛን ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። የልጅ ልጆች አይታለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን እያስታወሰች በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። «ይትባረክ ጠመንጃውን አገኘው ወይ?» ብላ አሳቀችኝ። ሰው ሲቀልልን ለብዙ ጊዜ በሆዴ የነበረውን ጠየቅኳት። «እታለም፣ ለሁላችን መነሻ ስታስመርጭን አንችን የጠየቀሽ የለም። ምን ትመርጭ ነበር?»

«ተማሪ» አለች፤ አንዴም ሳታስብ።

ጉንጯን በእጇ ደግፋ ትመለከተኛለች። «ስንቁንስ? አንተ ስጠኝ እንጅ ወንድምዓለም፤ ሰው ለራሱ ይሰጣል ወይ?» አለችኝ።

ያኔ እሷ ለእኛ ለመስጠት ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ አይፈጅባትም ነበር። እኔ ያን ቀን የምሰጣት አጥቼ ተሰናብቻት መጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬም አላገኘሁላትም።