ለኮከብ ብዬ ያጠፋሁት ፋኖስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሐሜቴንና የገደፍኩትን ጾም እየዘረዘርኩ ይህቺን ብቻ ስዘላት ኖሬያለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ሞላሌ ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ጨለማ ሐይቅ፣ ከላዩ ሰማዩን የሰነጠቀ ተወርዋሪ ኮከብ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ያው ኮከብ ተገልብጦ። ያየው ሁሉ ያደንቃል። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያምራል፤ እሱን አልክድም።

ሐይቋ ቀየት ከምትባለው መንደር ወዲያ፣ ከአባቴ ቤት ቁልቁል የምትታይ ትንሽ ውሃ ናት። ዳርቻዋ ረግረግ ነው። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ ካመሸ ቤተሰቡ ደጃፍ ላይ ፋኖስ ይሰቅላል፤ መንገደኛው ፋኖሱን በቀኙ እያደረገ ረግረጉን ይዞራል። ሰው ቤቱ ሳይገባ ፋኖስ ማጥፋት የማይታሰብ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያደግሁት።

ያን ማታ አባቴ ለሽምግልና ሌላ ቀበሌ ውለው በበቅሎ እየተመለሱ ነበር። እኔ ለዕረፍት መጥቻለሁ። ታላቅ እህቴ የሺ ፋኖሱን ለኩሳ ሰቀለችና አባዬ እስኪመጡ አንተ ጠብቅ ብላኝ ተኛች። በዚያ ሌሊት ተወርዋሪ ኮከብ እንደሚበዛ ስልኬ ላይ አንብቤ ስለነበር፣ የተዋስኩትን ካሜራ ድንጋይ ላይ አደላድዬ ተቀመጥሁ። የፋኖሱ ብርሃን ግን ምስሉን አበላሸብኝ። ለትንሽ ጊዜ ነው አልኩ። እፍ ብዬ አጠፋሁት።

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ነፋስ አይደለም። አባቴ መንገድ ላይ መሆናቸውን እያወቅሁ አጠፋሁት።

ኮከቡ መጣ። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁ፤ ከደስታዬ ብዛት ብቻዬን ሳቅሁ። አንዱ መች በቃኝ? ሌላ ቢመጣስ ብዬ የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ በጨለማው ቆየሁ። ፋኖሱ ትዝ ያለኝ ብርዱ አላስቀምጥ ሲለኝ ነው። ለኮስኩትና አባቴን ሳልጠብቅ ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት በቅሎዋ ብቻዋን መጣች። ጎረቤቶች ሮጠው ሄደው አባቴን ረግረጉ ጠርዝ ላይ፣ እስከ ደረታቸው ረጥበው፣ በዚያ ውርጭ ደርቀው አገኟቸው። በቃሬዛ አመጧቸው። ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። የሺ እግራቸውን እያሸች ስታለቅስ፣ ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው፣

"ልጄ፣ መብራቱ ምነው ጠፋብኝ?" አሏት።

የሺ ዞር ብላ ፋኖሱን አየችው። እኔ መልሼ ከለኮስኩት በኋላ ሲነድ አድሮ ላምባው አልቋል።

"ላምባውን ሳልሞላው ቀርቼ ነው አባዬ። እኔ ነኝ" አለች።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፍ አልነበረኝም? አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ። ምን አሰብኩ? ምንም፤ ፈራሁ። ፈርቼ ዝም አልኩ።

አባቴ ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ። ለቀስተኛው ያ የወደቀው ኮከብ የእሳቸው ነው፣ ቀናቸው ደርሶ ነው እያለ ተጽናና። እኔም እዚያ ወሬ ውስጥ ተሸሸግሁ። የሺ ግን አልተጽናናችም። አባቴን ገደልኩ ብላ ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች። ጾምና ስግደት ሰጧት፤ ፈጸመች። ይበቃሻል ቢሏትም አልተወችም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትሰግዳለች። ሊያገባት የጠየቀውን ሰው እንኳ፣ አባቷን ያልጠበቀች ቤት አትጠብቅም ብላ መለሰችው። የእኔን ኃጢአት በእሷ ጉልበት!

ልነግራት ስንቴ ሄድኩ? ገና ስደርስ እግሬን ታጥበኛለች። እግዜር ነው ያን ኮከብ እንድታነሳ ያደረገህ፣ የአባዬን መጨረሻ አየንበት ትለኛለች። ልነግራት ይዤ የመጣሁትን ቃል ይዤው እመለሳለሁ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ደወለችልኝ። ጉልበቷ አብጦ መታጠፍ እምቢ ብሏታል። ሰው ማስቸገር አይሆንላትምና ስታመነታ ቆይታ፣

"ወንድም ዓለም፣ አንተ ንጹሕ ነህ። እስኪሻለኝ አንተ ስገድልኝ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። እሺ ብቻ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር የምትለኝ አንዲት ሰው ናት፣ እሷም ምን እንደበደልኳት አታውቅም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ደንግጬ ነው አልልም፤ ድንጋጤ ይህን ያህል ዓመት አይቆይም። በደወለችልኝ ማግስት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰገድሁ። ማታ ደውላ ሰገድክልኝ ወይ አለችኝ። ሰገድኩልሽ አልኳት። መረቀችኝ።