ከስንኙ ጎን ያለችው ነጥብ

አብዱልባሲጥ ያንን ግጥም መጀመሪያ ያነበበው በ1996 ዓ.ም. ኮምቦልቻ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ነው። ከሐርቡ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነበር፤ ማይክ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ግጥሙ ሥራ ፍለጋ በፋብሪካ በር ተሰልፈው ስለሚውሉ ወጣቶች ነበር። ለሰንደቅ ዓላማ የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማው። ዘሀራ የምትባል የክፍሉ ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ በደብተሯ ገለበጠችው።

ወሬው ደሴ ደረሰና ለአንድ የወጣቶች መድረክ ተጠራ። ከመድረኩ በፊት ግን ግጥሙ በባህል ቢሮ መታየት ነበረበት። የሚያዩት አቶ ቀለሙ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ጨዋ ሰው ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ጎን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደረጉ።

«ይሰረዝ ማለትዎ ነው?»

«ኧረ እኔ የሰው ግጥም አልሰርዝም። ነጥቧን አይተህ ራስህ የሚሻለውን ታደርጋለህ» አሉት።

ራሱ ሰረዘው። ለዛሬ ብቻ ብሎ ነበር። ጭብጨባው ግን ደስ ይላል፤ በወሩ እንደገና ጠሩት። በሁለተኛው ዓመት ነጥቡ አነሰ፣ በአራተኛው ጭራሽ ጠፋ። አቶ ቀለሙ ወረቀቱን ሳያነቡ ማኅተም ያሳርፉበት ጀመር። «አንተማ ራስህን ታውቃለህ» ይሉታል። እሱም እንደ ሙገሳ ቆጥሮት ለእናቱ ሳይቀር አውርቷል።

ግጥሙ እያጠረ ንግግሩ እየረዘመ ሄደ። ስብሰባ ባለበት ሁሉ ነጭ ካናቴራ ለብሶ ይቆምና «እጃችሁን አንሡ፣ ይቻላል በሉ» ይላል። ያነሣሉ፣ ይላሉ፣ ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

በ2010 ነገር ሲለወጥ ጽናት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደወለችለት።

«ጋሽ አብዱልባሲጥ፣ ቅዳሜ ዝግጅት አለን። የፋብሪካ በሩ ግጥም ተቆርጦ ነው ትላለች፣ ያኔ በትምህርት ቤት የሰማችው እህቴ። ያልተቆረጠውን ነው የምንፈልገው። ሌላውንማ በቃላችን እናውቀዋለን።»

የመጨረሻዋ ቃሏ ብትወጋውም ደስ አለው። አንዴ እንኳ እንደ ጥንቱ ቆሜ ልናገር አለ። ፋይሉን ቢያገላብጥ ግን ያገኘው ማኅተም ያረፈባቸውን ብቻ ነው። በቃሉ ሊል ሞከረ። እዚያ ቦታ ሲደርስ ምላሱ «ይቻላል» ይላል።

ሲጨንቀው ዘሀራ ብትን ጨርቅ ወደምትሸጥበት ወደ ሰኞ ገበያ ሄደ።

«እጅ አንሡ እንዳትለኝ፣ ሜትር ይዣለሁ» አለችው ገና ከሩቁ።

ሳቀና የመጣበትን ነገራት። መለካቷን ሳታቋርጥ አለችለት፦

ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ያቆማችሁን፣
በየትኛው ዓይናችሁ ነው ልጅ ብላችሁ ያያችሁን?

«ሱብሃን አላህ፣ እንዴት ያዝሽው?»

«እኔም እዚያው በር ላይ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ቀኑን በምን ላሳልፈው? ኋላ ሰብስበውን ተናጋሪው አንተ ሆንክ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አሁን ይላታል፣ አሁን ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። ሥራ ጠባቂ አትሁኑ አልከን።»

«አላየሁሽም።»

«የት ታየኛለህ። እንደ ሰዉ እጄን አንሥቼ ነበር።»

ስንኞቹን ጻፈ። ሊሄድ ሲል «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችው።

ዓርብ ከሰዓት ግጥሙን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠው። እርሳስ በእጁ ነበር። ልብ ሲል ከሁለቱ ስንኞች ጎን ነጥብ ተደርጓል። ያዘዘው ሰው የለም፤ አቶ ቀለሙም ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በላጲስ አጠፋት። ቦታዋ ግን ጠቆር ብሎ ቀረ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ዘሀራ ከኋላ ተቀምጣለች። ከመጀመሪያው አንሥቶ በጥሩ ድምፅ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያቺ ጠቆር ያለች ቦታ ታየችው። ወጣቶቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

«እጃችሁን አንሡ» አለ።

ከልማድ ብዙ እጅ ተነሣ። ጽናት መሬት መሬት አየች። ዘሀራ የሻርፗን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ እጇን ሳታነሣ ወጣች። እሱም እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኛትና «ይቻላል በሉ» አለ።

አሉ። ጭብጨባውም እንደ ድሮው ነበር።