የዶሮ እጣቢና ጤና አዳም

«ውሃ እየጠጣ የሚጠማው ተክል የት አገር ነው ያለው?» አሉኝ አከራዬ፣ የጠወለገውን የጤና አዳም ቅርንጫፍ በጣታቸው ቀና እያደረጉ። ሲለቁት ተመልሶ ወደቀ።

ማስረዳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻቸው፤ እኔ የጓሮዋን ክፍል ተከራይቼ ግጥም እሞክራለሁ። በየማለዳው የወጡን ዶሮ በጨውና በሎሚ ያጥባሉ፤ እጣቢውን ደግሞ ደጃፍ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለው ጤና አዳም ላይ ይደፉታል። ቦኖ ተሰልፈው ያመጡትን ውሃ ሜዳ ላይ ማፍሰስ ያንገበግባቸዋል፤ ደም የነካው ውሃ ተክል ያበረታል ባይም ናቸው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ጠምቶት ነው ብለው እጣቢውን ጨመሩለት። ባሰበት። ይኼኔ ጎረቤት፣ ስንኝ ስፈልግ ተክሉ ላይ አፍጥጬ እንደምውል ነገራቸው። ጥፋቱ የዓይኔ ሆነ። እስከ እሑድ ካላገገመ ክፍሉን እንድለቅ ተወሰነ።

ጊዮርጊስ አጠገብ ከገዛሁት አሮጌ መጽሐፍ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ተክል ዓይን ከማያያቸው ትናንሽ ከረጢቶች የተሠራ ነው፤ ዛሬ ሕዋስ እንላቸዋለን። ከረጢቱ ውሃ ሲሞላ ግድግዳውን ይገፋል፣ ቅጠሉም ቀጥ ይላል። አፈሩ ውስጥ ጨው ሲበዛ ግን ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ የያዘውም ወደ ጨው ይወጣበታል። እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይደርቃል።

ከረጢቱን ማን ሰፋው ብለው ሳቁብኝ።

ወጥ ቤት አስገባኋቸው። ማታ ድንች ቆርጬ አንዱን በጨው ውሃ፣ አንዱን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፌ ነበር። የንጹሑ ጠንክሮ ቀጭ ይላል፤ የጨው ውሃው እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ሁለቱንም በጣታቸው አገላብጠው ሲያዩ ልቤ ተስፋ አደረገ።

«ድንቹስ እሺ» አሉ። «ይኼ ግን ጤና አዳም ነው።»

መጽሐፉን ላምጣ? እሳቸው አያነቡም። ልማል? ድንች ይዞ የሚምል ሰው ማን ያምነዋል?

«እትዬ፣ እኔ ራሴ ከቦኖ ቀድቼ ላጠጣው። እርስዎ እጣቢውን ብቻ ይተዉት።»

የዛሬው ዶሮ ታጥቦ አልቆ ነበር። ሳፋውን ከነእጣቢው በሁለት እጃቸው አነሱ።

«አንተ ብቻ አትየው» አሉኝ።

ወጡ። ዓይኔ እንዳይከተላቸው በሩን በተረከዛቸው ገፍተው ዘጉት።