ሎሚው ያልለቀቀው ክንፍ

በእኛ አገር ዶሮ በሎሚና በጨው ይታሻል፤ ከዚያ ውሃው ኩልል እስኪል ድረስ ይለቀለቃል። ወጡ ሎሚ ሎሚ ያለ እንደሆነ፣ ሴትዮዋ በወጉ ሳታጥብ ድስት ውስጥ ከታዋለች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚያነሳላት የለም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የዶሮ ክንፍ በሎሚና በብርቱካን ጭማቂ ዘፍዝፌ መጥበስ የለመድሁት። አሠራሩን ያሳየችን ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ ታስተምረን የነበረች ፈረንጅ ናት።

ደብረ ማርቆስ ጎጆ በወጣን በመጀመሪያው ዓመት፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ለባለቤቴ የምሠራለት እሱን ነበር። አጥንቱን እስኪያነጣው ይግጠዋል። ከአባይ በረሃ ብርቱካን የሚያመጡትን ነጋዴዎች ገበያ ወጥቶ የሚጠብቃቸውም እሱ ራሱ ነው።

እናቱ ከአምበር ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ታዲያ ሙያዬን ላሳይ ብዬ ይህንኑ አቀረብሁ።

አማቴ ሳህኑን አዩት። “ልጄ፣ ለአባወራ ክንፍ ይሰጣል? ክንፍ የልጅ ድርሻ አይደል?” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ አንዱን ቀመሱና ማኘካቸውን ተዉት። “ምነው፣ ይኸ ሎሚው አልለቀቀውም።”

“ሆን ብዬ ነው እማማ። አሠራሩ እንዲያ ነው።”

“ሳይታጠብ?”

ባለቤቴን አየሁት። እሱ ጣሪያውን ያያል። የቤታችን ቆርቆሮ ያን ያህል የሚታይ ነገር አልነበረውም።

“አንተስ፣ እንዲህ ያለ በልተህ ታውቃለህ?” አሉት።

“እንጃ እምዬ፤ እኔ ማጀት አልገባ” አለ።

ደሜ ፈላ። በአምበር ገበያ ሙያ የላትም መባሉን እችለው ይሆናል፤ የእሱን እንጃ ግን አልቻልሁትም። ይህ ሰው እውነቱን ሳይናገር ካደረ፣ ነገ በጠዋት ጓዜን ጠቅልዬ አማኑኤል ከተማ፣ አባቴ ቤት እገባለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

አማቴ ጊዜ አላጠፉም። ነጠላቸውን አደግድገው የተጠበሰውን ክንፍ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነከሩት። አሹት፣ ደፉት፣ እንደገና ቀድተው አሹት። የብርቱካኑ ወዝ ከነቅቤው ተንሳፍፎ ሲሄድ እያየሁ እንባዬ መጣ። ቀጥለው ሽንኩርት አቁላልተው፣ በርበሬ ነስንሰው፣ የታጠበውን ጥብስ እዚያ ውስጥ ጨመሩት።

“እንግዲህ አሁን ዶሮ ሆነ” አሉና ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልቅቀው ልጃቸውን አጎረሱት።

አኘከ። ዶሮ እንዲህ ሲታኘክ አይቼ አላውቅም።

“እንዴት ነው?”

እኔን አየኝ፤ ዓይኔ ምን ይል እንደነበር እንጃ። አንገቱን ደፋ። “እምዬ፣ ከነሎሚው ይሻለኝ ነበር” አለ። “ሁልጊዜ እሑድ እሱን ነው የምበላው። ብርቱካኑንም የምገዛው እኔ ነኝ።”

አማቴ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱትና ወደ እኔ ዞሩ።

“ድሮም አፈር ይበላ ነበር” አሉኝ። “እኔ ነኝ ሳልነግርሽ የዳርሁልሽ።”