የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

ባለፈው ሳምንት ኮኪት ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመና ከጫነው ጆንያ የትኩስ ማሽላ ዱቄት ሽታ መጣብኝ። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት እንደ ሰው ገላ ይሞቃል፤ ጆንያውን ያቀፈ ያውቀዋል። እኔ ግን ሽታው ሲመጣብኝ ጆሮዬም አብሮ ደነቆረ፤ ያደግሁት ሸሕዲ ውስጥ፣ የናፍጣ ሞተር ቀኑን ሙሉ በሚያጓራበት በአባቴ በጋሽ ደሴ ወፍጮ ቤት ነውና።

እዚያ ቤት አፍ ሥራ አልነበረውም። የጎጃሙም የወሎውም፣ ድንበር ተሻግሮ የመጣው ሱዳናዊም፣ ወሬኛውም ዝምተኛውም ሞተሩ ፊት እኩል ዲዳ ነበር። አባቴ እስከ ሽፋሽፍቱ በዱቄት ነጥቶ፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አሻሽቶ ቅንድቡን ካነሳ «ይላም ወይስ ይሸርከት?» ማለቱ ነው፤ መዳፉን ወደ መሬት ከደፋ «ታገሱ»፤ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ዱቄቱን ካራገፈ ደግሞ «አለቀልሽ፣ ውሰጂ»። ልማዱ ቤት ድረስ ይከተለው ስለነበር ራት ላይ ጨው ሲፈልግ እንኳ ጣቶቹን አየር ላይ ያሻሻል እንጂ ቃል አይወጣውም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «እኔንም ያጨኝ በቅንድቡ ነው» እያለች ታስቀን ነበር።

ከሁሉ የሚፈራው ምልክት አውራ ጣቱን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ መወርወሩ ነበር፤ «ወደ ኋላ፣ ወረፋሽን ያዢ!» የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ የቀን ሠራተኛው ሲጎርፍ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይዘልቃል። እኔ የቤታችንን ማሽላ ተሸክሜ፣ ልጅነቴን ተማምኜ ከፊት ስገባ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አውራ ጣቱን ይወረውርብኛል። ሴቶቹ ለልጁ እንኳ አለማዳላቱ እየገረማቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እነሱ ዞር ሲሉ ግን ጋሽ ደሴ ሽርጡን ያራገፈ መስሎ ትንሿን ጣቱን አንድ ጊዜ ያጥፋታል፤ «በጓሮ በር ግቢ»። ይህቺን ምልክት ከእኔ በቀር የሚያውቃት አልነበረም። እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴ ያልተናዘዝኩት ሙስናችን ይኸው ነው።

ወፍጮው ከተሸጠ ብዙ ዘመን ሆነው። አባቴንም የመርሳት በሽታ ይዞት ቃላቱን አንድ በአንድ ወሰደበት። ሽታው በመጣብኝ ዕለት፣ አብሮት የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ታከለ ደወለና «እንግዳ እያባረረ አስቸገረን፤ አክስቴም ተቀይማ ሄደች» አለኝ። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነበር። ያለፈው ጊዜ ስሄድ እንደማያውቀኝ ሆኖ ፊቱን አዙሮብኛል። ከልቡ ወጥቼ ይሆን እያልኩ ወደ ሸሕዲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እሑድ ስደርስ ዘመዱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ቤቱን ሞልቶታል። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ለገባው ሁሉ አውራ ጣቱን ወደ ኋላ ይወረውራል።

«አየሽው?» አለ ታከለ።

ሳቄ መጣ። ታከለ ወፍጮው ሲሸጥ ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ ዘመዱም ሸሕዲ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ከየት ይወቁት?

«ኧረ መች አባረረ! ወረፋ ያዙ ነው የሚላችሁ!»

ሁሉንም ከበሩ ጀምሬ አሰለፍኳቸው። ቂሟን ውጣ የተመለሰችው አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ከፊት ቆመች። አባቴ ጀርባው ቀና አለ፤ ጣቶቹን አሻሽቶ ቅንድቡን አነሳባት።

«አሁን ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ይላምልኝ በዪው።»

እሷም ጣቶቿን አሻሸች። አባቴ ራሱን ነቅንቆ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ሸኛት፤ ጉንጩን ስትስመውም አልከለከላትም። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ አባቴም ለምን እንደሚሳቅ ሳይጠይቅ አብሮ ሳቀ።

እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። ትዕግሥቴ አለቀና ከሰልፉ ወጥቼ ወደ ፊት ቀረብ ስል አየኝ፤ አውራ ጣቱን ወረወረብኝ። በቃ፣ እኔም እንደ ማንም ደንበኛ ሆንኩ አልኩና ዐይኔ እንባ አቀረረ። ሰዎቹ በአክስቴ ጨዋታ እየሳቁ ዞር አሉ። ይኼኔ አባቴ ጋቢውን ያራገፈ መስሎ ትንሿን ጣቱን አንድ ጊዜ አጠፋት።

ወፍጮው የለም፣ እናቴ የለችም፣ ስሜም ከአፉ ከጠፋ ቆይቷል። በጓሮ በር ዞሬ ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተሰለፉት አላዩንም።