የባሌ ድምፅ የተዘጋ ዕለት

የባሌ ሥራ መጮህ ነበር። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ታች ይቆማል። ላይ ያሉት የአርማታ ጣውላ ሲፈቱ ተሸክሞ ማውረዱ ስለሚሰለቻቸው ቁልቁል ይለቁታል። እሱ ሰው ሲያይ «ቁም!» ይላል፣ መንገዱ ሲጸዳ «ልቀቅ!» ይላል። ለዚሁ የተፈጠረ ጉሮሮ ነበረው። ማታ ምስጢር ሲነግረኝ ጎረቤት ሁሉ ቴሌቪዥኑን ቀንሶ ያዳምጣል። እናቴማ «ይሄ ሰውዬ ባስነጠሰ ቁጥር ዕድሜዬ ያጥራል» ትል ነበር።

አንድ ጊዜ ጉንፋን ያዘውና ድምፁ ጭራሽ ተዘጋ። ጠዋት ጫማውን ሲያስር አገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«ሥራ ነዋ» አለ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ዛሬ እንኳ ቅር።»

«እኔ ከቀረሁ ማን ይጮህላቸዋል?»

«አንተስ በምንህ ልትጮህ ነው?»

ጓዳ ገባና የድስት ክዳንና ጭልፋ ይዞ ወጣ።

«ድስቴን ራቁቱን ልታስቀረው ነው?» ብዬ ጮህኩበት። እየሳቀ ሄደ፤ ሳቁም አይሰማም።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን እዚያ ቦታ ብረት ተደበደበ ማለት ምሳ ደረሰ ማለት ነው። ረፋዱ ላይ አንድ ግድግዳ ለሳኝ በበሩ ብቅ ሲል፣ ላይ ያሉት ጣውላውን ሊለቁት ነበር። ባሌ ክዳኑን ደበደበ። ለሳኙ መቆሙ ቀርቶ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ፈገግ ብሎ ወደ ድምፁ መጣ። ላይ ያሉትም «ቁም!» የሚል ስላልሰሙ ጣውላውን ለቀቁት። ታክሲ ሲያመልጠው እንኳ የማይሮጠው ባሌ ሮጠ። ለሳኙን ገፍትሮ ጣለው። ጣውላው እሱን አንገቱ ላይ አገኘው። ሐኪም ቤት በሕይወት አልደረሰም።

ፎርማኑ ለቅሶ መጥቶ «ያ ክዳን ነው ጉድ የሠራን» አለ። ቁልቁል ስለሚለቀቀው ጣውላ ትንፍሽ አላለም።

ለሳኙም መጣ፤ ሲወድቅ የተሰበረ ክንዱን አንገቱ ላይ አስሮ።

«እትዬ፣ ምሳ መስሎኝ ነው» አለኝና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

እናቴን ሳቅ አመለጣት። እኔንም። ለቀስተኛው አፉን ይዞ አየን።

ሰሃን ሞልቼ ለሳኙ ፊት አስቀመጥኩና «ብላ» አልኩት። በደህናው እጁ፣ እያለቀሰ፣ ጥርግ አድርጎ በላ። ስጨምርለት እምቢ አላለም።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እውነትም ርቦት ነበር» አለችኝ።